ጥሩ ተኳሽ ይፈለጋል

ሰፈሩ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ቢኖር ባሏ ብቻ ነው፤ እሱም የሚጠራት ሲናደድ ነው። ለሌላው ሰው ሁሉ ተኳሿ ናት። ይሄን ሸሚዝ ተኳሿ ጋ አድርሰው፣ ተኳሿ በር ላይ ጠብቀኝ፣ ተኳሿን እለፍና ወደ ግራ ታጠፍ። የምትተኩሰው ልብስ መሆኑን ማንም አያብራራም፤ ማንስ ይጠይቃል? ሸሚዝ፣ ሽንሽን ቀሚስ፣ መጋረጃ፣ የሙዚቃ ባንድ ዩኒፎርም፣ ሁሉም በእሷ ካውያ ሥር ያልፋል። በአካባቢው ካውያ ያልነካው ጨርቅ ቢገኝ የባሏ የመኪና መወልወያ ነው፤ እሱንም ቢሆን ስለሚደብቅባት ነው።

ሥራውን የጀመረችው ገና ልጅ ሳለች የታላላቆቿን የትምህርት ቤት ልብስ እየተኮሰች ነው። ከዚያ ሆቴል ገባች። በሆቴሉ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ ስትተኩስ ወጣትነቷ በእንፋሎት መሃል አለፈ። ባለ ሆቴሉ አንድ ቀን ጎጆ የሚያህል የመተኮሻ ማሽን አስመጣና ሴቶቹን ሰብስቦ፣ አመስግኖ አሰናበታቸው። ምስጋናው ረጅም ነበር። ማሽኑ አንሶላ ባቃጠለ ቁጥር ግን የሆቴሉ ሠራተኞች በጓሮ በር ብቅ እያሉ «እባክሽ እታለም፣ ለዛሬ ብቻ» ይሏታል። እሷም እምቢ አትልም። የባለ ሆቴሉ የራሱ ሸሚዝ ከመሃል ከተገኘ ግን ኮሌታው ደርቆ እንዲቆም ስታርች ታበዛበታለች። አንገቱን ባዞረ ቁጥር እንዲያስታውሳት ነው።

ባሏንም ያገኘችው በካውያ ነው። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። በየቀኑ አንዲት ሸሚዝ ይዞ ይመጣል፤ ያቺኑ አንዲት ሸሚዝ። ቆይታ ቆይታ «ይቺ ሸሚዝ እህት ወንድም የላትም እንዴ?» ብትለው፣ «ሁለት ካመጣሁማ ሁለቱንም ባንዴ ትተኩሺና ለሁለት ቀን አላይሽም» አላት። በዚህ መልስ ተሸነፈች። ይህን የመሰለ ነገር የሚናገር ሰው ኋላ በሚስቱ ክፍል ውስጥ መኪና ያቆማል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታቸው በመንገድ በኩል አንድ ሰፊ ክፍል አለው። ትልቅ መስኮት አለው፤ ጠዋት ፀሐይ ይገባበታል፤ አላፊ አግዳሚው፣ ማን ከማን ጋር እንደሄደና ማን ማንን እንዳኮረፈ ሁሉ ይታይበታል። ለካውያ ሥራ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ሽብሽቡን ለማየት ብርሃን ያስፈልጋል፣ ቀኑን ለመግፋት ደግሞ የሰው ነገር። ቤቱን ሲገዙ ዐይኗ ያረፈው እዚያ ክፍል ላይ ነበር። እህቷ ወልዳ ልትጠይቅ ሄዳ ስትመለስ ግን ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ግድግዳ ፈርሷል፣ ትልቅ የብረት በር ተገጥሞበታል፣ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ አንዲት ሰማያዊ፣ አፍንጫዋ ክብ፣ በዕድሜ ከሁለቱም የምትበልጥ መኪና ቆማለች።

«ዝናብ እንዳይመታት ብዬ ነው» አለ ባሏ።

ተኳሿ ጠረጴዛዋን ተሸክማ ወደ ኮሪደሩ ገባች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የምትተኩሰው በወጥ ቤቱ በርና በመኪናዋ ፓራውልት መካከል ባለችው ስርቻ፣ በአምፖል ብርሃን ነው። ባልየው ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ባሰበት። የመኪናዋን በር ከፍቶ፣ እግሩን ወደ ውጭ ዘርግቶ፣ የሻይ ብርጭቆውን ኮፈኑ ላይ አስቀምጦ ውሎውን እሷን ሲያይ ይውላል። እሷ ካውያውን ልብሱ ላይ ከማሳረፏ በፊት የሌባ ጣቷን ላስ አድርጋ የካውያውን ሆድ ትነካዋለች፤ ሙቀቱን የምትለካው በዚያ ነው። ካውያው «ጭሽ» ይላል። ባሏ ግን ከካውያው ቀድሞ «ጭሽ» ይላል። አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ይህ ነገር ምን ያህል እንደሚያናድዳት ለመናገር ቃል አይበቃም።

ሌላም የሚያውቀው ነገር አለ። ስትዋሽ ትከሻዋ ከፍ ይላል። ደንበኛ መጥቶ «መቼ ይደርስልኛል?» ሲላት፣ «ነገ ጠዋት» ትላለች፤ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይጠጋል። ያን ጊዜ ከመኪናዋ ውስጥ «አይደርስም» የሚል ድምፅ ይመጣል።

ታዲያ ይህች መኪና እንዲሁ አልተቀመጠችም። በየዓመቱ አንድ ቀን የከተማው መንገዶች ይዘጋሉ፣ በየማዕዘኑ የጭድ እስር ይደረደራል፣ የድሮ መኪኖች ይሽቀዳደማሉ። ከአደባባዩ ይነሳሉ፣ በባንኩ ሥር ይታጠፋሉ፣ በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ይወርዳሉ፣ በተኳሿ በር ያልፋሉ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ያለችውን ክፉ ኩርባ ዞረው ወደ አደባባዩ ይመለሳሉ። ይህ አንድ ዙር ነው። ከአደባባዩ በቀር መንገዱ በሙሉ ጠባብ ነው፤ አደባባዩም ሁሉም ከተነሱ በኋላ በጭድ እስር ይጠባል፤ በረንዳው ላይ የቆመ ሰው እጁን ቢዘረጋ የሚያልፈውን መኪና አቧራ ሊያራግፍለት ይችላል። ስለዚህ ማንም ማንንም አይቀድምም። ሁሉም በቆመበት ተራ ይሄዳል፣ በዚያው ተራ ይመለሳል። ይህን የማያውቅ የከተማው ሰው የለም፤ ሆኖም ሕዝቡ ዘንድሮስ ማን ይቀድም ይሆን እያለ ልቡ እንደተንጠለጠለ ያያል። ደግ ሕዝብ ነው።

በመነሻው መስመር ላይ ማን ከፊት፣ ማን ከኋላ እንደሚቆም የሚወስነው ያለፈው ዓመት ውጤት ነው። በዚህ ሥርዓት ባለ ሆቴሉ ነጭ መኪናውን ይዞ ሁልጊዜ ከፊት ነው፣ የተኳሿ ባል ደግሞ ሁልጊዜ ከኋላ። መጀመሪያ የተወዳደረ ጊዜ መኪናዋ አልነሳ ብላው ዘግይቶ ደረሰ፤ መጨረሻ አቆሙት፤ በቃ፣ እዚያው ቀረ። ሌላ ሰው ሲበላሽበት እንኳን የእሱ ቀድማ ትበላሻለች። በዚያ ላይ አመል አላት። ፍሪሲዮኑ ተለቆ ወዲያው አትነሳም። ትንሽ ቆም ትላለች። ባሏ «ታስባለች» ይላል። የምታስበው ግን ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ ነው።

ዘንድሮ ልጃቸው ለምሳ መጥታ ሳለ ተኳሿ ማንኪያዋን አስቀመጠችና እንዲህ አለች።

«ልጄ ትስማን። ዘንድሮ መጨረሻ ከወጣህ መኪናዋ ከክፍሌ ትወጣለች።»

«ካልወጣሁስ?» አለ ባሏ።

«ካልወጣህ እስክሞት ድረስ ስለዚያ ክፍል አንድ ቃል አልተነፍስም።»

«ቃሌ ቃል ነው። አላጥፍም።»

«እኔም አላጥፍም። እኔ የማጥፈው ልብስ ብቻ ነው።»

ልጅቷ ምስክር ሆነች። ተኳሿ የልቧ ደረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሏ ወጣ ባለ ቁጥር በመኪናዋ ላይ ተንጠራርታ ክፍሉን በክር ትለካለች፤ ጠረጴዛዋ እዚህ፣ መስቀያው እዚያ። ለመስኮቱ መጋረጃ እንኳን ቆርጣ ሰፍታ፣ ተኩሳ፣ አጥፋ አስቀመጠች።

አሁን ወደ ጉዱ እንምጣ። ውድድሩን ሽጉጥ ተኩሶ የሚያስጀምረው ሰውዬ ዐይኑን ታክሞ በፋሻ ሸፈነ። የውድድሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጸሐፊውን ጠርቶ «ጥሩ ተኳሽ ፈልግ። እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ የሰው ብዛት የማያስደነግጠው» አለው። ጸሐፊው ጺሙን በደንብ የከረከመ፣ ለዚያ ሰፈር እንግዳ የሆነ ሰው ነው። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆመና «እዚህ አካባቢ ጥሩ ተኳሽ ማን አለ?» ብሎ ጠየቀ። ዳቦ ጋጋሪው፣ ዳቦ ገዢዎቹ፣ በዚያ የሚያልፈው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ወደ አንድ ቤት አመለከቱት። እንዲህ ያለ ስምምነት በዚያ ሰፈር ታይቶ አይታወቅም።

ጸሐፊው ሲገባ ተኳሿ ኮሪደሩ ውስጥ ሱሪ አንጠልጥላ እያየች ነበር። ባሏ መኪናዋ ሥር ተኝቷል፤ የሚታየው ጫማው ብቻ ነው።

«ተኳሿ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ብዙ ጊዜ ተኩሰዋል?»

«ዕድሜዬን ሙሉ።»

«ለማን ለማን?»

«ለማን ያልተኮስኩት አለ? ለሆቴሉ ስንት ዓመት ተኮስኩ። ለፖሊስ አዛዡም ከእኔ በቀር የሚተኩስላቸው የለም። ሌላ ሰው አያምኑም።»

«ለአዛዡ ራሳቸው?» ጸሐፊው ቦርሳውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «እጅዎ አይንቀጠቀጥም?»

«ቢንቀጠቀጥማ ስንቱን ባቃጠልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሳትኩት፤ የአንድ ዳኛ ነገር። ወጣት ነበርኩ፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄደ። ደግነቱ ከጀርባ በኩል ነው፤ ኮት ደረቡበትና አለፈ።»

ጸሐፊው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። የዳኛው ነገር ለኮሚቴው ባይነገር ይሻላል ብሎ አሰበ። በዚህ መሃል መኪናዋ፣ ማንም ሳይነካት፣ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ተኳሿ ባሏ ብሎን እያጠበቀ መሰላት።

«መሣሪያ እኛ እናቅርብ ወይስ የራስዎ አለ?»

«የራሴ እንጂ። በሰው መሣሪያ እጄ አይታዘዝልኝም። ሁለት አለኝ። ከባዱ የአማቴ ነው፣ ወፍራሞቹ ሲመጡ ነው የማወጣው። ለቀጫጭኖቹ ትንሹ ይበቃል።»

«ትንሹ ይበቃል» አለ ጸሐፊው ቶሎ ብሎ። «የሚተኩሱትም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በውድድሩ ዕለት፣ አደባባዩ ላይ፣ ሕዝብ ሁሉ ፊት።»

አንድ ብቻ መባሉ ቅር አላት። ለአንድ ጨርቅ ብሎ ይሄን ሁሉ መንገድ! ከዚያ ግን የውድድሩ ባንዲራ መሆን አለበት አለች በልቧ፤ ባለፈው ዓመት ተጨማዶ አይታው አፍራለች። ጸሐፊው በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ «አደራ፣ ከባድ ኃላፊነት ነው። እርስዎ ሳይተኩሱ ማንም አይንቀሳቀስም» አላት።

እንዲህ ያለ ነገር ተብሎላት አያውቅም። ልቧ ቅቤ ጠጣ። ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ፈገግ እያለች ዋለች፤ ባሏም ከመኪናዋ ሥር ሲወጣ ዐይኑ በእንባ ቀልቷል። ዘይት ገባብኝ አለ።

የውድድሩ ዕለት ባሏን ነጭ ሸሚዝ አልብሳ ላከችው። ጠላቷ ነው፣ ግን የተጨማደደ ባል ከቤቷ ወጥቶ አያውቅም። ኮሌታው እንደ አዲስ ነበር። ኋላ እሷም ትንሹን ካውያ ከነገመዱ፣ ውሃ መርጫዋንም ጨምራ በቦርሳ ያዘችና ወደ አደባባዩ ወጣች። ጸሐፊው ገና ሲያያት በሰዉ መሃል መንገድ እየከፈተ ወደ እንጨቱ መድረክ አወጣት። መኪኖቹ ከታች ተሰልፈዋል፤ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል።

«አሁን መድረኩን የያዙት ዕድሜያቸውን ሙሉ በተኩስ ያሳለፉት፣ ለፖሊስ አዛዡ ለራሳቸው የሚተኩሱት እናታችን ናቸው።»

አዛዡ በክብር እንግዶች ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበርና ለእሳቸው የሚተኩሰው ማን እንደሆነ ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ። አይተው ሲያበቁ መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሊቀመንበሩም ጎንበስ ብሎ አንድ ጥቁር ሽጉጥ በሁለት እጁ አቀረበላት።

«የራስዎን ይዘው ቢመጡም ደንቡ በዚህ ነው የሚለው። ድምፅ ብቻ ነው ያለው።»

ተኳሿ ሽጉጡን አየች፣ ቦርሳዋን አየች፣ ባንዲራውን ፈለገች።

«ሶኬቱ የት ነው?» አለች።

«ሶኬት አያስፈልገውም» አለ ሊቀመንበሩ፣ ቀልድ መስሎት እየሳቀ። «ወደ ላይ አድርገው ምላጩን መሳብ ነው። ከመተኮስዎ በፊት የተነቃነቀ መኪና ካለ ወደ መጨረሻ ይላካል። እንግዲህ በእጅዎ ነን።»

ያን ጊዜ ገባት። ዳኛው፣ ወፍራሞቹ፣ ቀጫጭኖቹ፣ ሁሉም አንድ ላይ ገባት። ፊቷ ከካውያዋ ይልቅ ጋለ። እንደ ሌላ ሰው ቢሆን «እኔ እኮ ልብስ ነው» ብላ ከመድረኩ መውረድ ነበረባት። ልትልም አፏን ከፍታ ነበር። ግን ከፊት ያለው ባለ ሆቴሉ ነጭ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣ ቀና ብሎ እንኳን ሳያያት፣ ሰዓቱን እያየ ጣቱን መሪው ላይ ይደበድባል። ሰውየው እሷ ሳትተኩስ አይንቀሳቀስም። ጸሐፊው እንደዚያ ብሏል። አፏን ዘጋችና ሽጉጡን ተቀበለች።

ከዚያ ባሏን ፈለገች። መጨረሻ ላይ፣ እንደ ወትሮው፣ ሰማያዊዋ ውስጥ ነው። መገረም የሚባል ነገር ፊቱ ላይ የለም። ጥርሱ እስከ መንጋጋው ይታያል። መኪናዋ ያን ቀን ለምን እንደተንቀጠቀጠች አሁን ገባት፤ ዘይት የተባለውም እንባ ምን እንደነበር። ይሄ ሰው ሁሉንም ሰምቶ፣ ከነካውያዋ አደባባይ አስወጥቷታል።

ይባስ ብሎ የሚያየው ሽጉጡን አይደለም። ጣቷን ነው። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ኮሪደሩ ውስጥ እንደሚያያት፣ የሌባ ጣቷን ያያል። ሌሎቹ ድምፁን ይጠብቃሉ። እሱ ግን ከድምፁ ቀድሞ ያውቃል፤ ፍሪሲዮኑን ጣቷን አይቶ ይለቃል፤ መኪናዋ አስባ ስትጨርስ ጥይቱ ይጮኻል። አደባባዩ ደግሞ ሰፊ ነው፤ አንድ ሰው የሚታለፍ ከሆነ እዚያ ነው የሚታለፈው። ክፍሏ፣ መስኮቷ፣ የተሰፋው መጋረጃ፣ ሁሉም በዚህች ጣት ላይ ተንጠለጠለ።

እንግዲያውስ ቆይ አለች ተኳሿ። ጣቴን እልሳለሁ፣ ግን አልተኩስም። ዘልሎ ይወጣል፣ ያስመልሱታል፤ ሁለተኛ ጊዜ ጣቴን አያምንም፣ እንደ ሌላው ሰው ድምፅ ሲጠብቅ ይቀራል።

ሽጉጡን ከፍ አደረገች። ቀስ ብላ፣ ሁሉም እንዲያያት፣ የግራ እጇን ጣት ላስ አደረገችና አፈሙዙን ነካችው። ደረቷንም ልትተኩስ እንደሆነ ሰው ነፋ አደረገች።

ሰማያዊዋ አልተነቃነቀችም። ዘልላ የወጣችው ነጯ ናት።

ባለ ሆቴሉ እንደዚያ እንዲጠብቅ ያደረገው ሰው ኖሮ አያውቅም፤ እግሩ ሲበላው ቆይቷል። ጣቷ አፈሙዙን ስትነካ አበቃለት፤ መስመሩን አልፎ፣ የጭድ እስሩ ጋ ደርሶ ቆመ። ቀይ ባንዲራ ተውለበለበ።

«ጣቷን ላሰች እኮ!» አለ ባለ ሆቴሉ ከመኪናው ወርዶ።

«አልተኮሱም» አለ ሊቀመንበሩ።

«መሣሪያውን በምራቅ ነካች!»

«ተኳሽ የራሷ ሥርዓት አላት። አዛዡን ይጠይቁ። እባክዎ ወደ መጨረሻ።»

ነጯ መኪና የኋላ ማርሽ አስገብታ በሁሉም ፊት እያዘገመች ወደ ኋላ ሄደች። ተኳሿ ስለዚያ ረጅም ምስጋና አስታወሰችና ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ደስታው ግን ነጯ መኪና እስክትቆም ድረስ ብቻ ነው የቆየው። የቆመችው ከሰማያዊዋ በስተኋላ ነው። መጨረሻ ማለት ከባሏ ኋላ ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የታያት። ባሏን ልትጥል የቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ ክፍሏ ገባ። በድንጋጤ አፏን በእጇ ያዘች፤ ሽጉጥ የያዘችበት እጅ ስለነበር ሊቀመንበሩ መሬት ላይ ተኛ።

ሁለተኛው ላይ ተንኮል አላሰበችም፤ የሚታሰብ ነገር አልቀረም። ሽጉጡን አነሳች። ጣቷ ግን የዕድሜ ልክ ልማዱን ይዞ ራሱ ሄደ፤ ላሰችው፣ ነካችው፣ ተኮሰች። ሰማያዊዋ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከድምፁ ጋር እኩል ተነሳች። ነጯ አደባባዩ ላይ በቀኝ ሞከረች፣ በግራ ሞከረች፤ ባንኩ ሥር ሲደርሱ ክብ አፍንጫዋ ቀድማ ጠባቡ መንገድ ውስጥ ገባች። ከዚያ በኋላ ባለ ሆቴሉ የቀረው ክላክስ ብቻ ነበር።

ያንን ክላክስ ከተማው በሙሉ ሰማው። መኪኖቹ ከአደባባዩ ከወጡ ከመድረኩ አይታዩም፤ ድምፁ ግን በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ሲወርድ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ሲዞር፣ እያለቀሰ ሲመለስ ይታወቃል። ተኳሿ ዙሩን ሁሉ በጆሮዋ ተከተለችው። አንዲት ተስፋ ነበረቻት፤ ሰማያዊዋ ሳትበላሽ ጨርሳ አታውቅም።

በመጨረሻው ዙር ተስፋዋ የደረሰ መሰለ። ከፊት ያሉት ሁሉ ገብተው አለቁ። ቆይቶ ሰማያዊዋ በባንኩ ማዶ ባለው ማዕዘን ብቅ አለች፤ ከኮፈኗ ሥር ነጭ እንፋሎት ይወጣል፣ አካሄዷም የሰው እርምጃ ሆኗል። ነጯ ከኋላዋ ተለጥፋ ትጮኻለች፤ መንገዱ ግን እንደ ሁልጊዜው ጠባብ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሰማያዊዋ ቆመች። ተኳሿ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን ባሏ መሪው ላይ ተደፍቶ ዳሽቦርዱን በእጁ እየዳበሰ ሲያናግራት አየችው፤ ልክ ልጃቸው ስትታመም እንደሚያደርገው። አንጀቷን በላት። «ነይ» ስትል ራሷን ሰማች። «ነይ፣ አንቺ አሮጊት፣ ነይ እንጂ።» የመድረኩን እንጨት ጨብጣ ስንት ዓመት የጠላቻትን መኪና ትለምን ነበር።

መኪናዋ አስባ ጨረሰችና ገባች። ከመጨረሻ ሁለተኛ።

ሰዉ ባሏን ሲያቅፍ፣ ተኳሿ ቦርሳዋን አንስታ በጓሮ መንገድ ወደ ቤቷ ሄደች። አዝናለች፤ ሊደበቅ የሚችል ሐዘን አልነበረም። ባዶው ክፍል ውስጥ ትንሽ ቆመች። ብርሃኑ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ቃል ቃል ነውና መጋረጃውን ሣጥን ውስጥ ከታች አስገባችው፣ ኮሪደሩ ውስጥ ካውያዋን ሰካች፣ ያደረ ሱሪ አነሳች።

አመሻሹ ላይ ሰማያዊዋ ተገፍታ መጣች። ባሏ መንገዱ ዳር፣ ከመስኮቱ ሥር አቆማት። የብረቱን በር ግን አልከፈተም። በቤቱ በር ገብቶ፣ ኮሪደሩን አልፎ፣ ጠረጴዛዋን ከነሱሪው ብድግ አደረገ።

«ወዴት ነው?» አለች።

«ወደ ክፍልሽ።»

«መጨረሻ አልወጣህም እኮ።»

«ማን ነው ያለው? ሁሉም ሄደው አልቀው፣ ወንበሩ ሁሉ ተነስቶ፣ ከአደባባዩ መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነኝ። ዘበኛውን ጠይቂ። ያልሽው መጨረሻ ከወጣህ ነው፤ ልጅሽ ምስክር ናት።»

«እንደዚያ ማለቴ እንዳልሆነ ታውቃለህ።»

«ቃሌን አላጥፍም ብያለሁ» አለና ጠረጴዛውን በመስኮቱ ሥር አስቀመጠው። ከዚያ ጀርባውን ለእሷ ሰጥቶ ወደ መንገዱ እያየ፣ ቀልዱን ተወ። «ያቺን ስፖኪዮ ስንት ዓመት ወለወልኳት። ውድድር ላይ አንድም ቀን ሰው ታይቶባት አያውቅም፤ ባዶ መንገድ ብቻ። ዛሬ ሰው አየሁባት። ባለ ሆቴሉ ሙሉ በሙሉ ገብቶባት ነበር፣ ያ ደረቅ ኮሌታው ሳይቀር። ሌላ ምን እፈልጋለሁ? አንቺ ነሽ ያመጣሽልኝ።»

ተኳሿ ልትስቅም ልታለቅስም ከጀላት።

«ልጥልህ ነበር እኮ» አለች።

«አውቃለሁ። ትከሻሽ ከፍ አለ።»

«መኪናዋ ሥር ሆነህ ሁሉንም ሰምተህ ዝም አልከኝ?»

«ብነግርሽ ትሄጂ ነበር?»

አትሄድም ነበር። ይህን ሁለቱም ስለሚያውቁ ሄዳ መጋረጃውን ከሣጥኑ አወጣች።

አሁን መጋረጃው ተሰቅሏል። ሰማያዊዋ ውጭ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ተኳሿ ከአሮጌ አንሶላ በሰፋችላት ልብስ ተሸፍና ትቆማለች፤ የተተኮሰ ልብስ የለበሰች መኪና በከተማው እሷ ብቻ ናት። በሚቀጥለው ውድድር ነጯ መጨረሻ እንደምትቆም የታወቀ ነው። በቀደም ባለ ሆቴሉ ራሱ፣ በጓሮ ሳይሆን በፊት በር፣ ሸሚዙን በእጁ ይዞ መጣ።

«ለሚቀጥለውም የሚተኩሱት እርስዎ ነዎት የሚባለው እውነት ነው?» አለ።

«እስቲ እንግዲህ» አለች። «ሸሚዙ ለነገ ጠዋት ይደርሳል።»

«አይደርስም» አለ ከመስኮቱ ውጭ አንድ ድምፅ።

ባለ ሆቴሉ ሲሄድ ካውያውን አነሳች። ጣቷን ላሰች። ወደ ካውያው አስጠጋችና አቆመቻት፤ ትከሻዋን ከፍ አድርጋ ጠበቀች። ከውጭ ምንም ድምፅ የለም። ብርጭቆ ኮፈን ላይ ሲቀመጥ ተሰማት። ትንሽ ቆየችና ትከሻዋን ለቀቀችው።

«ጭሽ» አለ ባሏ። ከዚያ በኋላ ነው ካውያው ያለው።